የሚያዝያ ፀሐይ፣ ሄልሜትና ማጅራት፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ የተሰጡ መልሶች

ከመጋቢት ወዲህ ከባሕር ዳርና ከሐይቁ ዳርቻ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በሙቀት ወቅት ሄልሜት አድርጎ ሳይክል ስለመንዳት ናቸው። ሄልሜት ጭንቅላትን ከአስፋልት ያድናል፤ ፊትን፣ ጆሮንና ማጅራትን ግን ከፀሐይ አይጋርድም። በዚህ የተነሳ አንዳንዱ ከሥሩ ወፍራም ኮፍያ ይደርባል፣ አንዳንዱ ሄልሜቱን መሪው ላይ አንጠልጥሎ ባዶ ራሱን ይነዳል። ሁለቱም አደገኛ ስለሆነ በሰፊው መልሰናል። ተመሳሳይ የሆኑትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናቸዋል።

ጥያቄ፦ ከመሸንቲ ባሕር ዳር በሳይክል እየተመላለስኩ እሠራለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እነሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ላይ እመለሳለሁ። ሄልሜቴ ከፊት ትንሽ ጥላ አለው፤ ያም ሆኖ ፊቴ ጠቁሯል። ከዘንዘልማ የሚመጣው የሥራ ባልደረባዬ ግን የሚቃጠለው ማጅራቱና ጆሮው ነው። ሄልሜታችን አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ ከምን መጣ?

መልስ፦ ከመንገዱ ነው። መሸንቲ ከከተማው ደቡብ ምዕራብ ናት። ጠዋት ሲመጡ ፊትዎን ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዙረው ስለሚነዱ ፀሐይዋ ከፊት በቀኝ በኩል ታገኝዎታለች። ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ደግሞ ወደ ምዕራብ ያዘነበለችው ፀሐይ እንደገና ከፊት በቀኝ ትመጣለች። መስታወት ቢያዩ የቀኝ ጉንጭዎ ከግራው ይበልጥ ጠቁሮ ሊያገኙት ይችላሉ። ባልደረባዎ ግን ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከዓባይ ማዶ ስለሚመጣ በመምጫውም በመመለሻውም ፀሐይን ጀርባው ላይ አዝሎ ነው የሚነዳው፤ ይበልጥም የሚመታው በግራ በኩል ነው። ስለዚህ ለእርስዎ የሚያስፈልገው የፊት ጥላና መነጽር ነው፤ ለእሱ ደግሞ ማጅራትና ጆሮ የሚሸፍን ጨርቅ። አንድ ዓይነት ዕቃ ለሁለታችሁ አይሆንም።

የሄልሜቱ ትንሽ ጥላ ለምን እንዳልበቃ በቀላል ስሌት ይታያል። ፀሐይ ከፊት ለፊት በ45 ዲግሪ ስትሆን 5 ሳንቲ ሜትር የሚወጣ ጥላ ወደ ታች የሚጋርደው ያንኑ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ መሃል ድረስ ማለት ነው። ጉንጭ፣ የአፍንጫ ጫፍና ከንፈር ውጭ ይቀራሉ። ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ከሁሉ በላይ የሚረዳው ሰዓት መቀየር ነው። በባሕር ዳር ፀሐይ መሃል አናት ላይ የምትደርሰው ልክ 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከተማው አገሪቱ ሰዓቷን ከምትቆጥርበት መስመር ወደ ምዕራብ ስለሚገኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘገያል። ሰዓት ባይኖርዎት ጥላዎን ይመልከቱ። ጥላዎ ከቁመትዎ ካጠረ ጨረሩ ጠንክሯል። በሚያዝያ ይህ ከ3 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ተኩል ይቆያል፤ በታኅሣሥ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ቀድመው ቢነሱ፣ ከሰዓት በኋላም አንድ ሰዓት ቢዘገዩ ከማንኛውም ክሬም የበለጠ ይጠቅምዎታል።

አንድ ነገር እንጨምር። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ከተማ ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በሚያዝያ 12 ገደማና በነሐሴ 16 ገደማ ፀሐይ በቀትር በቀጥታ አናታችን ላይ ትሆናለች። የዓለም ጤና ድርጅት የአልትራቫዮሌት መለኪያ ከ3 ጀምሮ ጥንቃቄ ያሻል ይላል፤ 11ንና ከዚያ በላይ ያለውን የመጨረሻው ከባድ ደረጃ ይለዋል። የሚያዝያ ቀትራችን ሰማዩ ጠራ ካለ ይህን ያልፋል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ሰውነትን ስለሚያቀዘቅዝ ግን ቆዳችን እየተቃጠለ እንኳ አይታወቀንም።

ጥያቄ፦ ከሄልሜቴ ሥር የተለመደውን ስፖርት ኮፍያ አደርጋለሁ። ጓደኞቼ ችግር የለውም ይላሉ። እውነት የለውም? (የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ)

መልስ፦ አለው። ሄልሜትህ የሚያድንህ በውስጡ ያለው ነጭ ፎም ሲጨፈለቅ የምቱን ኃይል ስለሚውጥ ነው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ጭንቅላትህ ላይ ተጠግቶ፣ ከቅንድብህ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ አግድም ሲቀመጥ ብቻ ነው። የስፖርት ኮፍያ ሦስት ነገር ያበላሻል። አንተ ብትወድቅ ከአናቱ ላይ ያለችው ጠንካራ ቁልፍ ሄልሜቱና አናትህ መሃል ትገባለች። የፊቱ ጥላ ውስጡ ደረቅ ፕላስቲክ ስለሆነ ሄልሜቱን ወደ ኋላ ይገፋውና ግንባርህ ባዶ ይቀራል። ከኋላ ያለው ማጥበቂያውም ከሄልሜቱ ማጥበቂያ ጋር ይጋጫል።

ኮፍያ ከፈለግህ ከአንድ ንብርብር ስስ ጥጥ የተሰፋ፣ አናቱ ላይ ቁልፍ የሌለው፣ ጥላው በጣት የሚታጠፍ፣ በጠቅላላው ከ2 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ይሁን። ካደረግኸው በኋላ ሄልሜቱን እንደገና አስተካክል። ማሰሪያውን ሳታስር ራስህን ወዲህና ወዲያ ስትነቀንቅ ሄልሜቱ አብሮህ መንቀሳቀስ አለበት። አስረህ ደግሞ አፍህን በሰፊው ስትከፍት አናትህ ላይ ሲጎትት ሊሰማህ ይገባል። ከአገጭህና ከማሰሪያው መሃል አንድ ጣት ብቻ ይግባ። በመዳፍህ ከፊት ወደ ላይ ስትገፋው ግንባርህ ከተገለጠ አልተስተካከለም። ብዙዎች የሚረሱትም ይህ ነው፦ ማታ ቀዝቅዞ ኮፍያውን ስታወልቅ ሄልሜቱ ይላላል፤ ከኋላ የሚዞረውን ማጥበቂያ መልሰህ አጥብቀው።

ጥያቄ፦ ለሄልሜት የሚሆን የማጅራት ጨርቅና ዙሪያውን የሚጋርድ ጥላ በገበያ አላገኘሁም። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ራሴ መሥራት እችላለሁ? ለደንበኞችም ብሠራ ደስ ይለኛል። (ከሽምብጥ ሰፈር)

መልስ፦ በደንብ ይችላሉ፤ ይህን የሚሠራ ሰው በከተማው በመገኘቱም እኛም ደስ ብሎናል። ስለዚህ ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን።

መጀመሪያ የማጅራት ጨርቁ። ጥብቅ ሽመና ያለው ፖፕሊን ወይም የሸሚዝ ጨርቅ ይምረጡ። ጨርቁን ወደ ብርሃን ዘርግተው በእሱ ውስጥ የእጅዎ ጣቶች ለይተው ከታዩ ጨረርም ያልፋል፤ ስስ ነጭ ቲሸርትና ነጠላ በዚህ ፈተና ይወድቃሉ። ቀለሙ ጠቆር ሲል ጨረሩን ይበልጥ ያስቀራል፤ ሙቀቱ ካስቸገረ ሰማያዊ ወይም ቡኒ ጥሩ አማካይ ነው። ከላይኛው ጠርዝ 42 ሳንቲ ሜትር፣ ከታች 48 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 28 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቅርጽ ይቁረጡ፤ የጠርዙ ስፌት ዙሪያውን 1 ሳንቲ ሜትር ይውሰድ። 42ቱ ከአንዱ ጆሮ ግንድ በማጅራት ዞሮ እስከ ሌላው ጆሮ ግንድ የሚደርስ ነው፤ ራሱ ትልቅ ለሆነ ሰው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ይጨምሩ። 28ቱ የሚረዝመው ታችኛው ጫፍ ከሸሚዝ ኮሌታ ውስጥ እንዲገባ ነው። አጭር ከሆነ ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ጨርቁን አንስቶ ዓይን ላይ ይጥለዋል፤ ሰው የሚወድቀው ያን ጊዜ ነው።

ከላይኛው ጠርዝ ላይ እያንዳንዳቸው 10 ሳንቲ ሜትር የሆኑ አራት ጥንድ ቀጫጭን ክሮች ይስፉ፤ ሁለቱን ጥንድ ከጫፍና ከጫፍ፣ ሁለቱን ከመሃሉ ግራና ቀኝ 5 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገው። የጫፎቹ የሄልሜቱ ማሰሪያ ከጆሮ ፊት በሚወጣበት ላይ፣ የመሃሎቹ ከኋላ በኩል ባለው ማሰሪያ ላይ ይታሰራሉ። ቋጠሮው ከሄልሜቱ ውጭ ይሁን፤ ከራስ ቆዳ ጋር ከተገናኘ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ያመጣል። ጨርቁ ከጆሮ ፊት አልፎ ወደ ጉንጭ መምጣት የለበትም፤ ባጃጅ ከጎን ሲመጣ በዓይን ጠርዝ ማየት ያስፈልጋል። ከአገጭ ሥር የሚታሰር ሁለተኛ ክር በጭራሽ አይጨምሩ፤ ቅርንጫፍ ወይም የመኪና መስታወት ቢይዘው አንገት ያንቃል።

ሁለተኛው ዙሪያ ጥላው ነው። ለሕፃናት ወለል የሚነጠፈው ለስላሳ ፎም፣ ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ለዚህ ምቹ ነው። ሄልሜቱን በካርቶን ላይ ደፍተው ዙሪያውን በእርሳስ ይሳሉ፤ ካነሱት በኋላ ከመስመሩ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገብተው ይቁረጡ። ቀዳዳው ጠበብ ስለሚል ፎሙ ተለጥጦ ሄልሜቱን ይይዛል፤ ማጣበቂያ አያስፈልገውም። የጥላው ስፋት ከፊት 7፣ ከጎን 5፣ ከኋላ 8 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ጎንበስ ብሎ ለሚነዳ ደንበኛ የኋላውን ወደ 5 ያሳንሱት፤ አለዚያ ጀርባውን እየነካ ሄልሜቱን ወደ ፊት ይደፋዋል። ከላይ ወደ ታች አጥልቀው ሰፊው የሄልሜት ክፍል ላይ ያቁሙት። የአየር ቀዳዳዎቹን እንዳይደፍን ይጠንቀቁ።

ጠርዙን ለማጠንከር ሽቦ፣ የጀሪካን ቁራጭ ወይም ደረቅ ፕላስቲክ ማስገባት ክልክል ነው። ጥላው ሰው ሲወድቅ መታጠፍ ወይም ወልቆ መሄድ አለበት፤ ደረቅ ከሆነ መሬት ይዞ አንገትን ይጠመዝዛል፣ ፊትንም ይቆርጣል። ሄልሜቱን መብሳትም ሆነ በሱፐር ግሉ መለጠፍ እንዲሁ አይፈቀድም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ስለ እጥበት በተጠየቀው ላይ ያገኙታል።

ለደንበኛ ከማስረከብዎ በፊት ሳይክሉ ላይ ተቀምጦ እንዲሞክረው ያድርጉ። እንደሚነዳው ሆኖ 10 ሜትር ያህል ከፊቱ ያለውን መንገድ ራሱን ሳያነሳ ማየት አለበት፤ ዞሮ ከኋላ የሚመጣውንም እንዲሁ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፋስ ሲነሳ ደግሞ በዳርቻው መንገድ አንድ ጊዜ ነድቶ ይመልከተው። ፊት ለፊት ሲርገበገብ ስፋቱን በ1 ሳንቲ ሜትር መቀነስ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ጠዋት ጊዮርጊስ ስሜ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። ነጠላዬን ከሄልሜቱ በላይ ነው ወይስ በታች የማደርገው? እኅቴ የምትሠራበት ቤት ያለች ሙስሊም ጓደኛዋም ስለ ሒጃብ ይህንኑ ጠይቂልኝ ብላኛለች።

መልስ፦ ሲነዱ ነጠላውን በላይም በታችም አያድርጉት። በላይ ከሆነ ነፋስ ያወርደውና ጫፉ ከኋላ ጎማ ሽቦዎች ወይም ከካቴናው ጋር ይጠላለፋል። በታች ከሆነ እጥፋቱ ሄልሜቱን ያነሳዋል፤ ሸማው ስለሚንሸራተትም ሄልሜቱ ቦታውን ይለቃል። ነጠላውን አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ይያዙ፤ ለመንገዱ ስስ ሻሽ አንድ ንብርብር ብቻ አድርገው፣ ግንባር ላይ ለጥ አድርገው፣ ቋጠሮውን ማጅራት ላይ ከሄልሜቱ የኋላ ማቀፊያ በታች ይሰሩ። ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርሱ ነጠላውን ይለብሳሉ።

ሒጃብም በዚሁ መንገድ ይሆናል። ከውስጥ የሚደረገው ጠበቅ ያለ ቆብ ከሄልሜት ሥር በጣም ይስማማል። ከላይ ያለው ጨርቅ ከሚለጠጥና ከማይንሸራተት ጨርቅ ይሁን፤ አናት ላይ አይደራረብ፣ ጫፎቹም ልብስ ውስጥ ይግቡ። ራስ ላይ ያሉ መርፌ ቁልፎች ሁሉ ከመንዳት በፊት ይውጡ። ሻሽም ሒጃብም ማጅራትንና ጆሮን በደንብ ስለሚሸፍኑ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ፤ የቀራችሁ ፊት ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ሹሩባ ስሠራ መሃል ለመሃል ያለው መስመር ላይ ቆዳዬ ይቃጠላል፣ በኋላም ይላጣል። ቅቤ ብቀባ ይከላከልልኛል? አባቴም ራሱ መላጣ ስለሆነ የሄልሜቱ ቀዳዳዎች ቅርጽ አናቱ ላይ ወጥቶበታል።

መልስ፦ ቅቤ ፀጉርን ያለሰልሳል እንጂ ጨረር አያስቀርም፤ ቫዝሊንም እንዲሁ። ሁለቱም በሙቀት ቀልጠው የሄልሜቱን የውስጥ ስፖንጅ ያጨቀያሉ፣ ላብ ሲጨመርበትም ይሸታል። ቅቤ የምትቀቢበትን ቀን ሄልሜት ከማታደርጊበት ቀን ጋር አስማሚው።

የሹሩባ መስመር የሚቃጠለው በሄልሜቱ የአየር ቀዳዳዎች በኩል ፀሐይ ስለምትገባ ነው። ሽመናው ጥብቅ የሆነ ስስ ሻሽ ይበቃል። ሻሽ ካልፈለግሽ የፀሐይ መከላከያ ክሬም በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጫፍ እያደረግሽ መስመር በመስመር ቀቢ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ መስመሩን በሌላ አቅጣጫ አሠሪው። ሄልሜት ስትገዢ ሹሩባ ተሠርተሽ ሂጂ። በልብስ ሰፊ ሜትር ከቅንድብ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርገሽ ዙሪያውን ለኪ፤ ያው ሰው በሹሩባና ያለ ሹሩባ አንድ ቁጥር አይወጣውም። ወፍራምና ወደ ላይ የሚሰበሰብ አሠራር ሄልሜቱን ከአናት ያርቀዋል፤ ወደ ማጅራት የሚወርድ ቀጭን አሠራር ይሻላል።

ለአባትሽ ከሁሉ የሚሻለው ከላይ የገለጽነው ስስ ኮፍያ ነው። ክሬም የሚመርጡ ከሆነ ሄልሜቱን ከማድረጋቸው 20 ደቂቃ በፊት ይቀቡ፤ ወዲያው ካደረጉት ስፖንጁ ይጠርገዋል።

ጥያቄ፦ የፀሐይ መከላከያ ስቀባ ከላብ ጋር ወደ ዓይኔ ይወርድና ያቃጥለኛል፤ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፍኜ ልወድቅ ነበር። ጥቁር ቆዳ ደግሞ ክሬም አያስፈልገውም ይባላል። ልተወው? ጉንጬ ላይ ማድያት አለብኝ።

መልስ፦ አይተዉት፤ አቀባቡን ይቀይሩ። ከቅንድብ በላይ ያለው ግንባርዎ በሄልሜቱ ጥላና በስስ ኮፍያ ከተሸፈነ እዚያ ክሬም አይቀቡ፤ ወደ ዓይን የሚወርደው ከዚያ ነው። በዓይን ዙሪያ ዚንክ ኦክሳይድ ያለውን ድርቅ ያለ በትር መሰል ክሬም ይጠቀሙ፤ በላብ ቶሎ አይሟሟም። ለጉንጭ፣ ለአፍንጫ፣ ለጆሮና ለአንገት ፈሳሹ ይሆናል። መጠኑ በሌባ ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ሁለት መስመር ተጨምቆ ለፊትና ለአንገት ነው። አብዛኛው ሰው የዚህን ከሩብ እስከ ግማሽ ብቻ ቀብቶ ክሬሙ አልሠራም ይላል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቀድመው ይቀቡ፣ በየ2 ሰዓቱ ይድገሙ፣ በጣም ካላበዎት ከዚያም ቀድመው። በማሸጊያው ላይ «SPF» ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር 30 ከሆነ የሚያቃጥለውን ጨረር 97 በመቶ ገደማ፣ 50 ከሆነ 98 በመቶ ገደማ ያስቀራል። ስለዚህ በቁጥር ልዩነት ብዙ ብር ከማውጣት በበቂ መጠን መቀባት ይሻላል። ጊዜው እንዳላለፈበትም ይመልከቱ፤ በፀሐይ ላይ የተደረደረ ክሬም አይግዙ።

ጥቁር ቆዳ የተፈጥሮ መከላከያ አለው፤ በፀሐይ ቶሎ አይላጥም፣ የቆዳ ካንሰርም ይቀንስበታል። ማድያት ግን በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ ይበረታል፤ የሚያባብሰውም አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ጭምር ነው። ስለዚህ ለእርስዎ ተራው ነጭ ክሬም በቂ አይደለም፤ የቆዳ ቀለም ያለው፣ በውስጡ አይረን ኦክሳይድ የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት ይምረጡ።

በተጨማሪ፣ ዶክሲሳይክሊን ወይም ኮትሪሞክሳዞል የሚባሉ መድኃኒቶች እየወሰዱ ያሉ አንባቢዎች በእነዚያ ቀናት ቆዳቸው ከወትሮው በጣም ቶሎ ይቃጠላል። መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ ረጅም እጅጌ ለብሰው፣ ጥላዎ ከቁመትዎ በሚረዝምበት ሰዓት ይንዱ።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ አልቢኒዝም አለባት። ሳይክል መንዳት በጣም ትወዳለች። እንከልክላት?

መልስ፦ አትከልክሏት፤ ነገር ግን ሰዓቷንና ልብሷን እናንተ ያዙት። ቆዳዋ ራሱን የሚከላከልበት ቀለም ስለሌለው ከላይ የጻፍናቸው ጥንቃቄዎች ለሌላው ሰው ምክር ናቸው፤ ለእሷ ግን ግዴታ ናቸው። ጠዋት እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ትንዳ። ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ ከጥብቅ ጨርቅ፣ የማጅራት ጨርቅ፣ ዙሪያ ጥላ፣ የእጅ ጓንት፣ ቁጥር 50 ክሬም ለፊት፣ ለከንፈርም የከንፈር መከላከያ። ጨርቅ ሲረጥብ ጨረር ይበልጥ ስለሚያሳልፍ ላብ የጠጣ ቲሸርት ይቀየርላት።

ከፀሐዩ ባልተናነሰ የዓይኗ ነገር ያሳስበናል። አብዛኞቹ አልቢኒዝም ያላቸው ልጆች አርቀው በደንብ አያዩም፤ ዓይናቸውም ይንቀጠቀጣል፣ ብርሃንም ይጎዳቸዋል። መንገድ ላይ ከመውጣቷ በፊት የዓይን ሐኪም ምን ያህል እንደምታይ ይለካላት። እስከዚያ ድረስ መኪና በማይገባበት ግቢ ወይም ሜዳ ላይ ከጎኗ ሰው ሆኖ ትንዳ። የማይድን የሚመስል ቁስል ወይም ሻካራ ነጠብጣብ ቆዳዋ ላይ ካያችሁ ሳትቆዩ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት።

ጥያቄ፦ ከመንገድ ዳር የገዛሁት በጣም ጥቁር መነጽር ዓይኔን ያሳርፈኛል። ጥሩ ነው?

መልስ፦ ጥቁረቱ ምንም አይነግርዎትም። መስታወቱ ጨረር የማያስቀር ከሆነ በጨለማው ምክንያት የዓይንዎ ብሌን ይሰፋና ጨረሩ ይበልጥ ይገባል። «ዩቪ 400» የሚል ያለበትን ይምረጡ፤ የሚቻል ከሆነ መነጽር ቤት በመሣሪያ ያስለኩት። ለሳይክል ጎኑ የተጠማዘዘ ይሻላል፤ አቧራንም ይመልሳል። ፀሐይ፣ አቧራና ነፋስ ለረጅም ዓመት አንድ ላይ ሲሆኑ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ሥጋ እንዲበቅል ያደርጋሉ። የመነጽሩ እጀታ ከሄልሜቱ ማሰሪያ በላይ ይዋል፤ ከሥሩ ካደረጉት ሲወድቁ ጆሮ ግንድ ላይ ይጫናል።

ጥያቄ፦ በሁዳዴ እስከ 9 ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ቀትር ላይ ዕቃ ለማድረስ ስነዳ ራሴን ያዞረኛል፤ ሄልሜቱ ያፈነኝ ይመስለኛል። ብተወው ይሻላል?

መልስ፦ የሚያዞርህ ሄልሜቱ አይደለም። ቀዳዳ ያለው ሄልሜት እየተነዳ ሳለ አየር ያስገባል፤ ቆመህ ስትጠብቅ ነው የሚያፍነው። የሚያዞርህ የውኃ እጥረት ነው። በሙቀት የሚነዳ ሰው በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር መጠጣት አለበት፤ አንተ ግን ያን ሁሉ አጥተህ ነው የምትነዳው። ጾምህን እናከብራለን። ስለዚህ ከባዱን ዕቃ እስከ 3 ሰዓት ጨርስ፤ ቀሪውን ከ10 ሰዓት በኋላ። ማታና ሌሊት ውኃ በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን ከፋፍለህ ጠጣ። ዕቃ ስታስረክብ ሄልሜትህን በጥላ አውልቀህ ራስህን አናፍስ፣ ማጅራትህንና ክንድህን በቧንቧ ውኃ አርጥብ። የጣና ውኃ ቅርብ ስለሆነ ያታልላል፤ ብልሃርዚያ ስላለ ፎጣህን እዚያ አትንከር፣ እግርህንም አታስገባ።

ሲያዞርህ፣ ሲያቅለሸልሽህ ወይም ጡንቻህ ሲኮማተር ውረድና በጥላ ጋደም በል። የምትጠጣ ከሆነ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠህ ቀስ እያልህ ጠጣ። አንድ ሰው ግን መናገር ካወላገደ፣ ከዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ ያ ሌላ ነገር ነው፤ ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ አቅቶታል። ወደ ጥላ አንስታችሁ ልብሱን አላሉ፣ ውኃ በመላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡ፤ ይህን እያደረጋችሁ ሐኪም ቤት አድርሱት። አፉ ውስጥ ውኃ አታስገቡ። ከሳይክል ወድቆ ከሆነ ደግሞ ሄልሜቱን በጉልበት አትጎትቱ፤ ማሰሪያውን ፈትታችሁ ራሱንና አንገቱን ደግፋችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ የላቡ ሽታ አልለቅ ሲል ሄልሜቴን በቤንዚን ጠረግኩት። አሁን ውስጡ ተሸብሽቧል። ይታደሳል?

መልስ፦ አይታደስም፤ ይጣሉት። ነጩን ፎም ቤንዚን፣ ቲነርና አሴቶን ያቀልጡታል፤ የአንዳንድ ማጣበቂያዎች ፈሳሽም እንዲሁ። ያልቀለጠው ክፍል እንኳ ኃይል የመዋጥ አቅሙ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። የሚቀጥለውን ለብ ባለ ውኃና በመደበኛ ሳሙና ይጠቡት፣ የውስጥ ስፖንጆቹን አውጥተው ለየብቻ አሹት፣ በጥላ ያድርቁ። ማሰሪያው ላይ የሚደርቀው ነጭ ጨው የላብ ነው፤ ቆዳን የሚያሳክከው እሱ ስለሆነ በየሳምንቱ ይታጠብ። በቀትር በተዘጋ መኪና ውስጥ፣ በተለይ ከፊት መስታወት ሥር አይተዉት። የላይኛው ቀለም ከነጣና ከተሰነጣጠቀ ፀሐይ ፕላስቲኩን አድርቃዋለች። አንድ ጊዜ በኃይል ከወደቀ ደግሞ ምንም ባይታይበት ይቀየራል።

ጥያቄ፦ በክረምት ደመና ሲሆን ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?

መልስ፦ ስስ ደመና ከጨረሩ እስከ 80 በመቶ ድረስ ያሳልፋል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናብ ባቆመባቸው የቀትር ሰዓቶች አዎ ያስፈልጋል። ጥቁር ደመና ሲከብድ አያስጨንቅም። ከሐይቁ የሚንጸባረቀው ጨረር ብዙዎች እንደሚያስቡት አይደለም፤ ውኃ የሚመልሰው ከ10 በመቶ በታች ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ እጅ ጃንጥላ፣ በአንድ እጅ መሪ ይዤ ለመንዳት ለምጃለሁ። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ጃንጥላውን ይዘጉ። በአንድ እጅ ሲነዱ ከሁለቱ ፍሬን አንዱ ብቻ ነው በእጅዎ ያለው፤ ከጣና በኩል አንድ ነፋስ ቢመጣ ጃንጥላው ሳይክሉን ይዞት ይሄዳል። ከላይ ለልብስ ሰፊው የገለጽነው ባለ 7 ሳንቲ ሜትሩ የሄልሜት ጥላ ሁለቱንም እጅዎን ነፃ ያደርግልዎታል።